የእንስሳት ሕክምና ተማሪዎች ማኅበር የእሑድ ክሊኒክ ረቂቅ፦ ሳይገባ በፊት ሐሳብ ጨምሩበት

ጸሐፊ፦
ሰላም ዶክተሮች። ነገሩ የመጣው ካለፈው ሳምንት ነው። አንዲት ላም፣ 23 ተማሪ፣ የእርግዝና ምርመራ። ስድስተኛው ልጅ ክንዱን ሲያስገባ ላሚቱ ጀርባዋን አጎበጠች፣ ጓንቱ ደም ይዞ ወጣ። መምህራችን «በቃ» አሉ። 17ታችን ጓንት እንኳ ሳናጠልቅ ዶርም ገባን። ስለዚህ በ6 በ6 ተከፍለን ጣና ሐይቅ ዳር ወዳሉ ቀበሌዎች እንውጣ ነው የምለው።

የ5ኛ ዓመት ተወካይ፦
ደስ ይላል። ዘጌ ይሁን፣ በጀልባ እንሄዳለን። ሽርሽርም ነው።

የላብራቶሪ ቡድን፦
ዶክ፣ ዘጌ ምን ልታክም ነው፣ ቡናውን? በገዳማቱ ሥርዓት እዚያ በሬ አይጠመድም፣ ከብት አይረባም። ሮቢት ባታ በኩል ይሻላል። እኔ የዚያው የሐይቅ ዳር ልጅ ነኝ። ውኃው ሲሸሽ ከብቱ ባሕር ሸሹ ላይ ነው የሚውለው።

የ5ኛ ዓመት ተወካይ፦
እሺ ተረታሁ። ግን ቅዳሜ ይሁን።

የላብራቶሪ ቡድን፦
ቅዳሜ ባለቤቱ ባሕር ዳር ገበያ ነው። ላሚቱ መቼ እንደወለደች እረኛውን ልትጠይቀው ነው? እሑድ፣ ከቅዳሴ መልስ።

ጸሐፊ፦
እሑድ ብያለሁ። ምን እንሠራለን?

የላብራቶሪ ቡድን፦
የጉበት ትል። ቤታችን ከመንጋጋዋ ሥር ውኃ የቋጠረች ጊደር ነበረች። በጣት ስትጫኗት ጉድጓዱ ቶሎ አይሞላም። ያኔ «ሣሩ ጎዳት» ተባለ፤ በእርግጥም ትሉ የሚገባው ከሣሩ ጋር ነው። እበት እንሰብስብ፣ ግን በማንሳፈፍ አትድከሙ። የትሉ እንቁላል ከባድ ስለሆነ በማዝቀጥ ነው የሚታየው።

ከዚያ ወቅቱ። በእጃችን ያለው አልቤንዳዞል ነው፤ እሱ ደግሞ የሚገድለው የደረሰውን ትል ብቻ ነው። ትሉ ለመድረስ ከሁለት እስከ ሦስት ወር ይፈጅበታል። መስከረም ላይ ብንሰጥ ክረምት የገባው ገና ጫጩት ነው፣ ያመልጠናል። እኔ የምለው በጾመ ነቢያት፣ ከኅዳር 15 በኋላ እንጀምር። የክረምቱ ትል ደርሷል። መድኃኒት የወሰደች ላም ወተቷ ለጥቂት ቀን አይጠጣም፤ በጾም ግን ባለቤቱ ብዙ አይከፋውም። ሁለተኛውን ዙር ዐቢይ ጾም ላይ።

ጸሐፊ፦
እኔ የፈተና ካላንደር ይዤ ስቆጥር ነበር! ይኸኛው ይሻላል፣ ረቂቁ ላይ እንዳለ ይግባ።

የ5ኛ ዓመት ተወካይ፦
አንድ ጥንቃቄ። በኮርማ ከተጠቃች 45 ቀን ያልሞላት ላም አልቤንዳዞል አይሰጣትም። ያን ያህል አጭር እርግዝና ደግሞ በኛ እጅ አይያዝም፣ አንጎራረር። ባለቤቱን እንጠይቅ። ከተጠራጠርን ይለፋት።

ገንዘብ ያዥ፦
ረጅሙን ጓንት እገዛለሁ። የመድኃኒቱን ወጪ ግን ማኅበሩ አይችለውም፣ ለወረዳው ደብዳቤ እንጻፍ። ሌላው ክትባት ነው። ውሻ እንክተብ እያልን እኛ የእብድ ውሻ በሽታ ክትባት አልወሰድንም። የዓለም ጤና ድርጅት ከ2018 ወዲህ ቅድመ መከላከያው ሁለት ጊዜ፣ በመጀመሪያው ቀንና በ7ኛው ቀን፣ ይበቃል ብሏል። ያልተከተበ ሰው ውሻ አይንካ፣ ይህም ይጻፍ።

ጸሐፊ፦
ተጽፏል። ረቂቁን ሐሙስ አስገባለሁ። ከቀበሌው ሰዎች ጋር የላብራቶሪ ቡድን ይነጋገር። ገመድ የሚያመጣ ማነው? ያለፈው ጊዜ የልብስ ማስጫ ገመድ ያመጣው ሰው እባክህ ይቅርብህ።