ደህናውን ቦታ ማረም ምን ይባላል?

ጀማሪው፦
ሰላም ለሁላችሁ። በአቅራቢያዬ ያለውን ጥብቅ ደን ለሚንከባከበው ማኅበር በበጎ ፈቃድ ልሠራ ተመዝግቤአለሁ። ችግኝ ተከላ መስሎኝ ነበር፤ ለካ ሥራው አረም ነቀላ ነው። ይሁን። ያልገባኝ ግን፣ በሩ ጋ የወፍ ቆሎ የሚባለው መጤ ቁጥቋጦ ሰው አላሳልፍ ብሎ ተቆላልፎ እያለ አስተባባሪዋ ዘልቀን ደኑ ደህና ወደሆነበት እንድንሄድ ነው የምትፈልገው። እዚያ እኮ አረሙ አንድ እዚህ አንድ እዚያ ነው! የሠራችሁበት ካላችሁ እስቲ አስረዱኝ።

የጉቶ ጠላት፦
ሥራዋን የምታውቅ ሰው ገጥማሃለች። ይህን አካሄድ ያስፋፉት ጆአን እና አይሊን ብራድሊ የተባሉ እህትማማቾች ናቸው፤ እ.ኤ.አ. በ1960ዎቹ ሲድኒ ውስጥ ጫካ በእጃቸው እያረሙ የደረሱበት ነው። ከደህናው ተነሥተህ ወደ ተጎዳው ትሄዳለህ፤ ፍጥነትህን የሚወስነው ደግሞ ደኑ ነው። ያጸዳኸው ቦታ በአገር በቀል ሳይሸፈን ወደሚቀጥለው አትሻገርም።

በሩ ጋ ያለውን በአንድ ዘመቻ ብትመነጥሩት የምታገኙት ባዶ አፈርና ፀሐይ ነው። አፈር ውስጥ ተኝቶ የከረመው የአረም ዘር ይህችን ቀን ነው የሚጠብቀው። ውስጥ ግን አንዷን አረም ስትነቅል ክፍተቱን የሚሞላው አጠገቧ ያለው ዛፍ ዘር ነው፤ ብዙ ጊዜ ችግኝም አያስፈልግም። (ችግኝ መትከል ፎቶ ላይ ያምራል፣ እሱን አልክድም።)

የወፍ ቆሎን በገጀራ ቆርጠህ አትለፍ፤ ከጉቶው መልሶ ያቆጠቁጣል። ትንሹ አፈሩ ሲርስ በእጅ ይነቀላል። ትልቁን ቅርንጫፉን አሳጥረህ፣ ግንዱና ሥሩ የሚገናኙበትን በዶማ ፈንቅለህ አውጣው። ከዚያ አፈሩን መልሰህ ጠቅጠቅ አድርግና የወደቀ ቅጠል አልብሰው። ፍሬው ሳይበስል ብትደርስበት ይመረጣል፤ ወፎች ናቸው የሚዘሩት።

እጀ ረጅም፦
ጓንትና እጀ ረጅም ልብስ እንዳትረሳ፣ የወፍ ቆሎ ግንዱ እሾኻማ ነው። ፓርቲኒየም የሚባለው መጤ አረም ካለ ደግሞ የበለጠ ተጠንቀቅ፤ ቆዳ ያሳክካል፣ አስም ላለበት ሰው ጭራሽ አይሆንም። ሳያብብ ነው የሚነቀለው፤ አንዷ ተክል ከ10,000 በላይ ዘር ልታፈራ ትችላለች። ስትወጣ የጫማህን ጭቃ እዚያው አራግፍ።

ተቃዋሚ ነኝ፦
ከላይ በተባለው እስማማለሁ፣ ግን ሰው ለውጥ ካላየ በሚቀጥለው ሳምንት ይቀራል። እኛ ከቁጥቋጦው ጠርዝ ትንሽ ትንሽ እየቆረስን እንሠራለን፣ ሁልጊዜ ከአንድ ነጥብ ላይ ፎቶ እያነሣን። ሙሉውን አለመመንጠራችን ለወፎችም ይበጃል፤ ጎጆ የሚሠሩበት ሌላ ጥሻ ላይኖራቸው ይችላል። የወደቀ ግንድ ካያችሁም ቆሻሻ ነው ብላችሁ አታውጡ፣ ነፍሳት ይኖሩበታል።

ጀማሪው፦
አመሰግናለሁ፣ አሁን ገባኝ። አንድ ልጨምር፤ የወፍ ቆሎን ቡቃያ ከአገር በቀሉ በምን ልለየው?

የጉቶ ጠላት፦
ቅጠሉን ጨፍልቀህ አሽትተው፣ ኃይለኛ ሽታ አለው። ሲዳስሱት ሻካራ ነው፣ ቅጠሎቹ ጥንድ ጥንድ ሆነው ፊት ለፊት ይወጣሉ፣ ግንዱም አራት ማዕዘን ነው። ከተጠራጠርክ አትንካው፤ ምልክት አድርግበትና አስተባባሪዋን ጥራት።