ሕልም መሆኑን እያወቁ ማለም፦ አፍንጫ መያዙ ለምን አልሠራም?

ከዚራ፦
ሰላም የድሬ ልጆች። ሕልም ውስጥ ሆኖ «ይሄ እኮ ሕልም ነው» ማለትን፣ ሉሲድ ድሪም የሚባለውን፣ በምን ማብዛት ይቻላል? በቀን አፍንጫ ይዞ «ሕልም ላይ ነኝ ወይ?» እያሉ መሞከሩ ሦስት ሳምንት ሞላው፣ ምንም የለም። ጠዋት ሕልሙ ራሱ አይታወስም። ጫትስ ያበላሻል?

ለገሃሬ፦
አቦ፣ ሕልሙ ካልታወሰ ሌላው ሁሉ ከንቱ ነው፤ ብታውቀው እንኳ ጠዋት ይጠፋሃል። ከደብተር ጀምር። ስትነቃ አትገላበጥ፣ ዓይንህን አትክፈት፣ የመጨረሻዋን ምስል ይዘህ ወደ ኋላ ጎትት። ስልክ ካነሳህ አለቀ። ሦስት መስመርም ቢሆን ጻፍና ሊሆን የማይችለው ነገር ላይ አስምርበት፦ ደቻቱ በደረቅ ወር ሞልቶ ሲፈስ፣ የሞተ ዘመድ ቡና ሲጠጣ።

አፍንጫውን በልማድ ብቻ ከያዝከው አይረዳህም። መጀመሪያ «እዚህ እንዴት መጣሁ?» ብለህ ከልብህ ጠይቅ፤ ሕልም ውስጥ የመጣህበት መንገድ ብዙ ጊዜ አይገኝም። ከዚያ አፍህን ግጥም፣ አፍንጫህን ጭምቅ አድርገህ አየር ሳብ። ከገባ ሕልም ላይ ነህ። በቀን 8 ወይም 10 ጊዜ በቂ ነው።

ሳቢያን፦
ለገሃሬ ያለው ልክ ነው፤ ትልቁ ለውጥ የሚመጣው ግን ከሰዓቱ ነው። ሕልም የሚበዛበት እንቅልፍ በየ90 ደቂቃው ገደማ ይመላለሳል፣ ወደ ንጋት ይረዝማል። ማታ 4፡30 ከተኛህ ማንቂያውን ለሌሊቱ 9፡30 ሙላ። ከ20 እስከ 30 ደቂቃ በደብዛዛ መብራት ቁጭ በል፣ ያለምከውን ጻፍ። ተመልሰህ ስትጋደም የሕልም ተመራማሪው ስቲቨን ላበርዥ ያስፋፋውን ዘዴ ተጠቀም፦ «ቀጥሎ ሳልም ማለሜን አስታውሳለሁ» በል፣ ያንኑ ሕልም መልሰህ እያየህ ያሰመርክበት ቦታ ላይ ሕልም መሆኑን ስታውቅ በሐሳብህ ሳለው። ቃሉን መነብነብ ብቻውን አይሠራም፤ ምስሉ ነው የሚይዘው።

ቶሎ ከተኛህ ሐሳቡ ይጠፋል፣ ብዙ ከቆየህ እንቅልፉ እምቢ ይላል። እኩለ ሌሊት ተኝቶ ለሱብሂ የሚነሳ ሰው ማንቂያም አያሻውም፣ ሰግዶ ሲመለስ ሰዓቱ ራሱ ነው። በሳምንት ከሁለት ሌሊት በላይ ግን አታድርገው፣ እንቅልፍ ማጣት ማስታወስን ይገድላል።

መጋላ፦
ስለ ጫቱ፦ ምርቃናው እንቅልፍን ያዘገያል፣ ስለዚህ ያ የንጋት ሰዓት ይቆረጣል። በድንገት ያቆመ ሰው ደግሞ ሕልሙ ይደምቃል፣ ዱካክም ይበረታበታል። እሱን ለሉሲድ ብለህ አትፈልገው። ዱካክ ሲይዝህ አእምሮህ ነቅቶ ጡንቻህ ገና ተፈትቶ ነው፤ አትታገል፣ በቀስታ ተንፍስ፣ አንድ ጣት ለማንቀሳቀስ ሞክር፣ ብዙም ሳይቆይ ይለቅቃል። የሌለ ድምፅ የሚሰማ ወይም እውንና ሕልም የሚምታታበት ሰው ይህን ነገር ባይነካው ይሻላል።

ከዚራ፦
እግዜር ይስጥልኝ። «ሕልም ነው» ባልኩ ቅጽበት ከነቃሁስ?

ሳቢያን፦
ደስታው ነው የሚያነቃህ። ለመብረር አትቸኩል። መዳፍህን መዳፍህ ላይ ፈትግ፣ ግድግዳ ዳስስ፣ አንድ ነገር ላይ ዓይንህን አትትከል። ምስሉ ሲደበዝዝ ፍተጋውን ጨምር። ከነቃህም አትንቀሳቀስ፣ ዓይንህን እንደጨፈንክ ቆይ፤ ሕልሙ አንዳንዴ ተመልሶ ይቀጥላል።