በስፓኒሽ ማስታወቂያ እናውጣ ወይ? የጋራ ረቂቁ ላይ ሁላችሁም ግቡበት

ጸሐፊው፦
ሰላም ለሁላችሁም። እሑድ ስብሰባው ላይ የተነሳው ነገር ሳይቀዘቅዝ እዚህ ላምጣው ብዬ ነው። እዚህ ሜሪላንድ ውስጥ ከሲልቨር ስፕሪንግ እስከ ዊተንና ላንግሊ ፓርክ ሱቅ ያለን ዘጠኝ የማኅበራችን አባላት ገንዘብ አዋጥተን በስፓኒሽ እናስተዋውቅ የሚል ሐሳብ ነው። ሲልቨር ስፕሪንግና ዊተን ባሉበት ሞንትጎመሪ ካውንቲ፣ በ2020ው ቆጠራ ከአምስት ሰው አንዱ ላቲኖ ነው። እኛ ግን የአማርኛ ታፔላ ሰቅለን ሐበሻ እስኪመጣ በር በር እናያለን። ረቂቁ ለጊዜው ሦስት ነገር አለው። የስፓኒሽ ሬዲዮ ላይ የአንድ ወር ማስታወቂያ፣ ጋዜጣ ላይ ሩብ ገጽ፣ በየበራችን ደግሞ «አኪ አብላሞስ እስፓኞል» የሚል ተለጣፊ፣ ማለትም «እዚህ ስፓኒሽ እንናገራለን»። ለሁሉም ስድስት ሺህ ዶላር ይበቃል ብያለሁ። አርሙትም ቅደዱትም፣ ብቻ ዝም አትበሉ።

ባለ ጋራዡ፦
መጀመሪያ እኔ ላይ የደረሰውን ስሙና ከዚያ ፍረዱ። ያቺን ተለጣፊ ዓምና አሠርቼ መስታወቱ ላይ ለጥፌያት ነበር። ሰው አየ፣ ደወለ። ስልክ የማነሳው እኔ ነኝ፣ የኔ ስፓኒሽ ደግሞ «ኦላ» ብሎ ጀምሮ «ፍሬኖስ» ላይ ያልቃል። ፍሬን ላልተበላሸበት ሰው ወፍ የለም። አንድ ቀን አንድ ሰውዬ ከነሚስቱ መጣ፣ ተለጣፊዋን በጣቱ ያሳየኛል፣ እኔ በእንግሊዝኛ እመልሳለሁ፣ በመጨረሻ አሥር ዓመት የማይሞላው ልጁ መሃላችን ቆሞ ማስተርጎም ጀመረ። ሕፃን ልጅ ስለ ትራንስሚሽን ምን ያውቃል? አባትየው ሲያፍር አየሁት። እኔም አፈርኩ፣ ምክንያቱም የኔም ልጅ ሐኪም ቤት ለእናቴ እንደዚያ ቆማ አስተርጉማለች፣ ነገሩ ምን እንደሚመስል አውቀዋለሁ። በማግስቱ ላጥኳት። ሬዲዮ ላይ ገብተን ስድስት ሺህ ዶላር ብንበትን እንግዳ ጠርቶ በር መዝጋት ነው የሚሆንብን።

ባለ ሬስቶራንቷ፦
ወንድሜ ልክ ነህ፣ ግን አንድ ነገር ረሳህ። ሰው የለንም ትላለህ፣ ሰው እኮ አለን፤ ጓዳ ነው ያለው። የኔን ጥብስ የምትሠራው ሴትዮ ከኤል ሳልቫዶር ናት፣ ሰባት ዓመቷ ነው። አማርኛዋን ብትሰሙ ትስቃላችሁ፣ «ቶሎ በል»ን ከኔ በላይ ታውቃለች። ከእናንተ ውስጥ ስንታችሁ ናችሁ ዕቃ አጣቢው ወይ ወጥ ሠሪው ስፓኒሽ ተናጋሪ የሆነ? እስቲ እጅ አውጡ። እነሱን ሳንጠይቅ ነው እዚህ ተቀምጠን የምንወስነው።

እና በናታችሁ «ስፓኒሾቹ» ማለት እንተው። እስፓኝ ሌላ አገር ነው። ሁሉንም ሜክሲካን ማለትም እንደዚያው። እኛ «ሶማሌ ናችሁ? ኤርትራ?» ስንባል ፊታችን እንዴት እንደሚሆን ታውቁታላችሁ። እዚህ አካባቢ ካሉት ብዙዎቹ ሳልቫዶሮች ናቸው፣ ጓቴማላና ሆንዱራስ አለ፣ የፖቶማክን ወንዝ ተሻግራችሁ አርሊንግተን ስትደርሱ ደግሞ ቦሊቪያ።

ለምን ይሄን አነሳሁ? ምግቡ ይለያያላ። እኔ በጭንቅላቴ «ላቲን ሁሉ ቃሪያ ይወዳል» ብዬ ሜኑው ላይ ሁሉንም «ፒካንቴ፣ ፒካንቴ» እያልኩ ልጽፍ ነበር። ሴትዮዋ ሳቀችብኝ። ሜክሲኮ ነው የሚያቃጥለው፣ የኛ ምግብ ለስላሳ ነው አለችኝ። እውነትም ፑፑሳ የሚባለውን ሆዱ የተሞላ የበቆሎ ቂጣቸውን በልታችሁ ከሆነ ታውቃላችሁ፣ ጎኑ የሚቀርበው ጥቅልል ጎመንና ቀጭን የቲማቲም ሶስ ነው፣ አያቃጥልም። ስለዚህ ለነሱ የሚቀድመው አልጫው፣ ድንቹ፣ ጎመኑ ነው፤ ሚጥሚጣው ለጎን። እንጀራ በእጅ መብላት ደግሞ ማስረዳት አያስፈልግም፣ ቶርቲያ በእጁ ሲበላ ያደገ ሰው ነው።

ታክስ የምሠራው፦
እህቴ ሐሳብሽ አንጀቴን አራሰው። እኔ ግን አንድ አደገኛ ቃል ላስጠንቅቃችሁ፣ ምክንያቱም ረቂቁ ውስጥ የኔ ቢሮ «ታክስ እና ኖተሪ» ተብሎ ገብቷል። ይሄን «ኖታሪዮ ፑብሊኮ» ብሎ የተረጎመ ሰው አለቀለት። እዚህ ኖተሪ ማለት ፊርማ አይቶ ማኅተም የሚመታ ሰው ነው፣ እንደኔ ያለ። በላቲን አሜሪካ ግን «ኖታሪዮ» ሕግ የተማረ፣ ከተራ ጠበቃም ከፍ ያለ ሰው ነው። ሰውየው ያንን ቃል መስኮት ላይ ሲያይ የኢሚግሬሽን ጉዳዩን የሚይዝለት ጠበቃ ያገኘ ይመስለዋል። በዚህ ቃል ስንቱ ገንዘቡንም ወረቀቱንም አጥቷል። ብዙ ስቴቶች ቃሉን በቀጥታ መተርጎም በሕግ ከልክለዋል። እኔ መስኮቴ ላይ የምጽፈው «ታክስ እንሠራለን፣ ጠበቃ አይደለንም» የሚለውን ነው፣ እሱም በስፓኒሽ። ሶሻል ሴኩሪቲ የሌለው ሰው በአይቲን፣ ማለትም ታክስ ቢሮው በሚሰጠው መለያ ቁጥር፣ ታክስ ማስገባት እንደሚችል መጻፍ ግን ይጠቅማል፤ ጥያቄው በየቀኑ ይመጣልና።

መኪና ሻጩ፦
ሕግ ከተነሳ እኔም ልጨምር። ያገለገለ መኪና ስትሸጥ መስኮቱ ላይ የምትለጥፈው የገዢዎች መመሪያ የሚባል ወረቀት አለ፣ ዋስትና አለው ወይስ እንዳለ ነው የሚሸጠው የሚለው። ሽያጩን በስፓኒሽ ካካሄድክ ወረቀቱም በስፓኒሽ መሆን አለበት፣ የፌደራሉ የንግድ ኮሚሽን ደንብ ነው። ማስታወቂያም እንደዚያው፤ ትልልቁን ፊደል በስፓኒሽ አድርገህ ጥቃቅኗን ማሳሰቢያ በእንግሊዝኛ መደበቅ አይቻልም። እንግሊዝኛ የማያነብን ሰው በቋንቋው ጠርተህ በማያውቀው ቋንቋ ማስፈረም ሕግ ባይኖርም ነውር ነው፣ አይ እንግዲህ።

ዲዛይን የምሠራው፦
ጽሑፉን ለኔ ስለተዋችሁት ሁለት ነገር ልበል። አንደኛ፣ በስልካችሁ ተርጉማችሁ አትላኩልኝ! ጎማ ለሚለው «ኔውማቲኮስ» ብሎ ያመጣል፣ እሱ የእስፓኝ ሰው ቃል ነው፣ ሳልቫዶሩ «ያንታስ» ነው የሚለው። ስህተት አይደለም፣ ግን ከሩቅ የመጣ ሰው የጻፈው ይመስላል። ሁለተኛ፣ አንተና እርስዎ። ስፓኒሽም እንደኛ አለው። ማስታወቂያ ላይ ብዙ ጊዜ «ቱ» ይጻፋል፣ አንተ እንደማለት። ሳልቫዶሮች ደግሞ በጓደኛ መሃል «ቮስ» ይላሉ። አንድ ሳልቫዶራዊ የክፍል ጓደኛዬን ስጠይቀው «ለእናቴ የምትጽፍ ከሆነ በኡስቴድ ጻፍ» አለኝ፣ በእርስዎ ማለቱ ነው። «ና ግባ» እና «ይግቡ» በሉት። እኛስ ባንክ በአማርኛ «ና ገንዘብህን አስቀምጥ» ብሎ ቢጽፍልን?

የካሊፎርኒያ ወተት አቀነባባሪዎችን ታሪክ ሰምታችሁ ይሆናል። በ1990ዎቹ «ወተት አለ?» የሚል እንግሊዝኛ ማስታወቂያቸው በጣም ታዋቂ ነበር። በቀጥታ ወደ ስፓኒሽ ሲመለስ ግን ለአንዲት እናት «ጡትሽ ወተት አለው?» እንደማለት ይሰማል። ስለዚህ መተርጎሙን ተዉትና ለላቲኖ እናቶች ስለ ቤተሰብና ስለ ወጥ ቤት የሚያወራ ሌላ ማስታወቂያ ሠሩ። እኛም የአማርኛውን መፈክራችንን አንተርጉም፣ ሌላ እንጻፍ።

ባለ ጋራዡ፦
ሼቭሮሌ ኖቫ የሚባለው መኪናም እኮ «ኖ ቫ» ማለት «አይሄድም» ስለሆነ አልሸጥ ብሎ ከስሯል ይባላል።

ዲዛይን የምሠራው፦
ጋሼ እሷ ተረት ናት። ኖቫ ሜክሲኮም ቬኔዙዌላም በደንብ ተሽጧል። ግን ጥሩ ተረት ናት።

አንጋፋው፦
ልጆች፣ ሁላችሁንም አነበብኩ። እኔ ለማኅበሩ ገንዘብ ከማውጣታችን በፊት «ለምን?» የሚለውን ልመልስ። እኔ ዲሲ፣ አዳምስ ሞርጋን ሰፈር 18ኛው ጎዳና ላይ ሥራ ስጀምር ከደርግ የሸሸን እኛ፣ ከእርስ በርስ ጦርነታቸው የሸሹት ሳልቫዶሮች፣ አንድ ሕንፃ ውስጥ ላይና ታች ነበር የምንኖረው። እነሱ ማውንት ፕሌዘንትን ሞሉት፣ እኛ 18ኛውን። ኪራይ ሲወደድ ሁላችንንም አንድ ላይ ገፍቶ ሜሪላንድ አመጣን። አርባ ዓመት ጎረቤት ሆነን ቋንቋቸውን አሁን ነው የምናስታውሰው?

ደግሞ እኛም በሌላው ጎን ቆመን እናውቀዋለን። ዲሲ በ2004 የቋንቋ ሕግ ካወጣች ወዲህ የከተማው መሥሪያ ቤት ስትሄዱ ፎርሙ በስፓኒሽም በአማርኛም ይገኛል። መጀመሪያ ያየሁ ቀን ወረቀቱ አላስፈለገኝም ነበር፣ ግን ይዤው ቤት ገባሁ። አንዳንዱ አማርኛ ግን አማርኛ አይደለም፣ ማን እንደጻፈው እግዜር ይወቅ። ባለ ጋራዡ ያለው እሱን ነው፤ በቋንቋህ ጠርቶህ ቋንቋህን የማያውቅ ሰው ያናድዳል።

ዳቦ ቤቷ፦
እኔ የምፈራው ሌላ ነገር ነው፣ ደፍሬ ልናገረው። በማርች 2025 ፕሬዚዳንቱ እንግሊዝኛ የአገሪቱ ይፋዊ ቋንቋ ነው ብለው ትዕዛዝ ፈርመዋል። በዚህ ጊዜ የስፓኒሽ ታፔላ መስቀል ችግር አያመጣብንም? ደንበኛውም ራሱ በፍርሃት ከቤት አይወጣም፤ ቅዳሜ ለኬክ ይሰለፉ የነበሩት ቀንሰዋል።

ታክስ የምሠራው፦
ትዕዛዙ የፌደራል መሥሪያ ቤቶችን ነው የሚመለከተው፣ የግል ሱቅ በፈለገው ቋንቋ ይጽፋል። የቻይናው ሱቅ በቻይንኛ፣ አንቺ በአማርኛ ጽፈሽ የለ? ሰው ፈርቶ ከቤት አይወጣም ያልሽው ግን እውነት ነው፣ እሱን ማስታወቂያ አይፈታውም። ዋትሳፕ ላይ ማዘዝና ቤት ማድረስ ቢኖር ይሻላል። እነሱም እንደኛ ዋትሳፕ ላይ ነው የሚውሉት።

ባለ ሬስቶራንቷ፦
ስለ ቀኖቹ ሴትዮዋን ጠይቄያት መጣሁ። የእናቶች ቀን ለነሱ እንደ አሜሪካው እሑድን ተከትሎ አይዞርም፣ ሁልጊዜ ሜይ 10 ነው፣ በሳልቫዶርም በጓቴማላም በሜክሲኮም። የዳቦ ቤቷ ኬክ እዚያ ላይ መውጣት አለበት። ከዚያ ሴፕቴምበር 15 የብዙዎቹ የመካከለኛው አሜሪካ አገሮች ነፃነት ነው። እንቁጣጣሽ ከዚያ ጥቂት ቀን ቀደም ብሎ አይደል? እኔ ሁለቱን ባንድ ቅዳሜ ማክበር ነው ያሰብኩት፣ ከፈለጋችሁ።

ለሁዳዴም ትልቅ ሐሳብ ነበረኝ። ካቶሊኮች በጾማቸው ዓርብ ዓርብ ሥጋ አይበሉም፣ እኛ ደግሞ በያይነቱ ሠርተን እንጨርሳለን። «ጥሩ ነው» አለች፣ «እኔ ግን ጴንጤ ነኝ፣ ዓርብም ሥጋ እበላለሁ»። ለካስ እነሱም ዘንድ ጴንጤው ብዙ ነው። ስለዚህ ቤተ ክርስቲያኑን እየለየን ነው በራሪ ወረቀቱን የምናድለው።

ጸሐፊው፦
እሺ፣ የመጀመሪያውን ረቂቅ ራሴ ቀድጄዋለሁ። እንደገና የጻፍኩት ይሄ ነው፣ ጠጠር ያለ ነገር ካለ በሉት። ሬዲዮው ወጥቷል። ስድስቱ ሺህ ዶላር እንዳለ ይቆይና፣ ሦስት ሺህ አምስት መቶው ለሰው ነው የሚሄደው፤ ቅዳሜና እሑድ አራት አራት ሰዓት የዘጠኙንም ሱቅ ስልክና ዋትሳፕ በስፓኒሽ የሚመልስ አንድ ሰው፣ በወር ሰባት መቶ፣ ለአምስት ወር። አንድ ሺው ለጽሑፍ ነው። ዲዛይን የሚሠራው ልጃችን ያዘጋጃል፣ ከየጓዳችን ያሉ ሠራተኞች አንብበው ያርማሉ፣ ላረሙበት ሰዓት ይከፈላቸዋል፣ «እግረ መንገድሽን እይልኝ» የሚባል ነገር የለም። የቀረው አንድ ሺህ አምስት መቶ ለሜይ 10 እና ለሴፕቴምበር በራሪ ወረቀትና ጋዜጣ። ተለጣፊው በሩ ላይ የሚለጠፈው ስፓኒሽ የሚናገር ሰው ባለበት ሱቅ ብቻ ነው። «ኖታሪዮ» የሚለው ቃል የትም አይገባም፣ የመኪናው ወረቀት በሁለቱም ቋንቋ ይሆናል። ባለ ሬስቶራንቷ፣ ሴትዮዋን ቅዳሜና እሑዱን ሥራ ትወስደው እንደሆነ ጠይቂያት።

አንጋፋው፦
እኔ ተስማምቻለሁ። አምስት ወር አነሰ ባይ ነኝ፣ ግን ይጀመር።

መኪና ሻጩ፦
እኔም። ከሰኞ እስከ ዓርብ የሚደውለውስ? እሱን ከዚያ በኋላ እናየዋለን።

ባለ ሬስቶራንቷ፦
ጠየቅኳት። ቅዳሜን ትችላለች፣ እሑድ ግን ቸርች አላት፣ ለእሑድ የእህቷን ልጅ ታመጣለች። ተለጣፊዋንም አሳየኋት። አንብባ «አብላሞስ» የሚለው ላይ ጣቷን አደረገችና «እንናገራለን ይላል፣ እናንተ እነማን ናችሁ? የምናገረው እኔ ነኝ» አለች። እሱ ይጥፋና ሰዓቱ ይጻፍ ብላለች፤ ቅዳሜ ከአራት እስከ ስምንት ስፓኒሽ የሚናገር ሰው አለ፣ በቃ።

ባለ ጋራዡ፦
በሐበሻ ሰዓት ነው በፈረንጅ? ይሄንንም ጻፉት፣ አለዚያ እንደገና ልልጣት ነው።