የኒውትሮን ኢዲኤም፦ 70 ዓመት «ምንም አልተገኘም»?

ዮናስ፦ ትናንት እዚህ ግሩፕ ላይ «የኒውትሮንን የኤሌክትሪክ ዳይፖል ሞመንት 70 ዓመት ፈልገው ምንም አላገኙም፣ ገንዘቡ ለሌላ ይዋል» ተብሎ ተጻፈ። ኢዲኤም የሚባለው ይኸው ነው፦ በኒውትሮን ውስጥ ፖዘቲቭና ኔጋቲቭ ቻርጁ በጥቂቱ ተለያይቶ መቀመጡ። በጣም ነው ያናደደኝ። እንዴት ነው ምንም የሚባለው? እነ ፊዚሲስቱ ራምሴ እ.ኤ.አ. በ1957 ያወጡት ገደብ (ካለም ከዚህ አይበልጥም የሚለው ጣሪያ) 5×10⁻²⁰ ኢ ሴንቲሜትር ነበር፤ «ኢ» የኤሌክትሮን ቻርጅ መጠን ነው። ስዊዘርላንድ ፒኤስአይ (ፖል ሼረር የምርምር ተቋም) ላይ የተሠራው የ2020ው 1.8×10⁻²⁶ ደርሷል። ከሚሊዮን እጥፍ በላይ ተሻሽሏል! በመሃል ስንት ቲዎሪ ወደቀ።

ሳምራዊት፦ የጻፍኩት እኔ ነኝ፣ አሁንም እላለሁ። ገደብ ማጥበብ ማግኘት አይደለም። ስታንዳርድ ሞዴል (የቅንጣት ፊዚክስ ዋናው ቲዎሪ) የሚለው 10⁻³² አካባቢ ነው። ገና ሚሊዮን እጥፍ ይቀራችኋል።

ዮናስ፦ እዚያ መድረስ አይደለም ቁም ነገሩ። ዩኒቨርስ ለምን በቁስ ተሞላ፣ ፀረ ቁሱስ የት ገባ ለሚለው ጥያቄ የስታንዳርድ ሞዴል የሲፒ ጥሰት (ቁስና ፀረ ቁስ የተለያየ ጠባይ እንዲኖራቸው የሚያደርገው) አይበቃም። ሌላ የጥሰት ምንጭ ካለ ኢዲኤሙን ከፍ ሊያደርገው ስለሚችል፣ በአሁኑ ገደብና በስታንዳርድ ሞዴሉ ቁጥር መካከል ባለው በዚሁ ክፍተት ሊታይ ይችላል።

ሳምራዊት፦ «ሊታይ ይችላል» አልክ። ሱፐርሲሜትሪም (እያንዳንዱ ቅንጣት አጣማሪ አለው የሚለው ቲዎሪ) ይታያል ተብሎ ነበር።

ብሩክ፦ ቆይ፣ ሥራውን እንየው። እጅግ የቀዘቀዙ ኒውትሮኖች ዕቃ ውስጥ ተይዘው ሦስት ደቂቃ ያህል ይቆያሉ። በ1 ማይክሮቴስላ ማግኔታዊ መስክ ስፒናቸው (እንደ ጥቃቅን ማግኔት የሚያደርጋቸው ባሕርይ) በሴኮንድ 30 ጊዜ ገደማ ይዞራል። የኤሌክትሪክ መስኩ ሲገለበጥ ይህ ፍጥነት ይለወጥ እንደሆነ ነው የሚታየው። ማግኔታዊ መስኩ ትንሽ ፈቀቅ ካለ ግን የውሸት ምልክት ይመጣል። እሱን ለመቆጣጠር ነው ማግኔታዊ መስኩን የሚለካልን የሜርኩሪ-199 አተም እዚያው አብሮ የሚገባው። እንዲህ ተለፍቶ የተገኘን ዜሮ «ምንም» ማለት ነውር ነው።

ሳምራዊት፦ ሜርኩሪን ካነሳህማ የ2016ቱ የሜርኩሪ አተም ሙከራ በተዘዋዋሪ ለኒውትሮን 1.6×10⁻²⁶ ሰጥቷል። ያውም ያለ ኒውትሮን ምንጭ።

ዮናስ፦ «በተዘዋዋሪ» የምትለዋን እንዲሁ አትለፊያት። ከአተም ወደ ኒውትሮን የሚያሻግረው የኒውክሊየር ስሌት ገና ብዙ ይቀረዋል። ቀጥታ ልኬትን አይተካም።

ሳምራዊት፦ ኒውትሮን ላይ ምልክት ቢገኝስ ምንጩ ቴታ (በጠንካራው የኒውክሊየር ኃይል ውስጥ ያለውን የሲፒ ጥሰት የሚገልጸው ቁጥር) ይሁን ሌላ በምን ትለያላችሁ?

ብሩክ፦ ለዚህ እኮ ነው ሜርኩሪም፣ ኤሌክትሮንም፣ ኒውትሮንም የሚለኩት። አንዱን አቁሙ ካልሽ መለያው ይጠፋል።

ሳምራዊት፦ አቁሙ መች አልኩ? ገንዘቡ ለሌላ ይዋል ነው ያልኩት።

ዮናስ፦ ያለ ገንዘብ ማን ይለካል ታዲያ? ፒኤስአይ ላይ ኤንቱኢዲኤም የተባለው ቀጣዩ ሙከራ አሥር እጥፍ ለማሻሻል ነው የተነሳው።

ሳምራዊት፦ አሥር እጥፍ ተሻሽሎም ዜሮ ቢሆን ታቆማላችሁ?

ዮናስ፦ አናቆምም። ያንቺ ሜርኩሪም ዜሮ ነው ያገኘው፣ እሱን ግን አቁሙ ስትዪ አልሰማንም።