ፉጂሳን ውስጥ ያለው «ሳን» ምን ማለት ነው?

ቃል ሰብሳቢ፦
ሰላም ቤተሰብ። ወንድሜ ቶኪዮ ነው የሚሠራው። ሰሞኑን ከባቡር መስኮት ያነሳውን ፎቶ ላከልኝ። አናቱ ነጭ የሆነ ተራራ ነው። ከሥሩ «ፉጂሳንን አየሁት» ብሎ ጽፏል። ጃፓኖች ሰው ሲያከብሩ ስሙ ላይ «ሳን» ይጨምራሉ ሲባል ሰምቻለሁ። ታዲያ ተራራውንም «ጋሽ ፉጂ» እያሉት ነው ማለት ነው? ነገሩ ደስ ብሎኛል፤ ግን እናንተን ሳልጠይቅ ለሰው ማውራት አልፈለግኩም።

ደገኛው፦
እህቴ፣ ጠይቀሽ ጥሩ አደረግሽ። ብዙ ሰው የሚሳሳተው እዚህ ላይ ነው። የፉጂሳን «ሳን» ተራራ ማለት ነው፣ አለቀ። ጃፓኖች ከቻይና የወሰዱት የተራራ ምልክት ሁለት አነባበብ አለው። በራሳቸው ቋንቋ ሲያነቡት «ያማ» ይሉታል። ከቻይንኛ በመጣው አነባበብ ደግሞ «ሳን» ነው። ሰው ስም ላይ የሚጨመረው «ሳን» «ሳማ» ከሚባል የአክብሮት ቃል የወጣ ሌላ ቃል ነው። ድምፃቸው ገጠመ እንጂ ዘመድ አይደሉም። የውጭ ሰው «ፉጂያማ» የሚለው ያንኑ ምልክት በሌላኛው አነባበብ አንብቦት ነው፤ አገሬው ግን እንዲያ ብሎ አይጠራውም።

ስለዚህ «የፉጂሳን ተራራ» ስንል ተራራን ሁለቴ እየጠራን ነው። «የደብረ ዘይት ተራራ» እንደምንለው ማለት ነው።

«ፉጂ» የሚለው ግን ሰፊ ነገር አለው። ዛሬ የሚጻፍባቸው ሁለት ምልክቶች አንዱ ሀብት፣ ሌላው ጦረኛ ማለት ናቸው። በድሮ ግጥም ውስጥ ደግሞ «የማያልቅ» በሚል ምልክት ተጽፎ ይገኛል። «ሁለት የሌለው» ተብሎም ተጽፏል። ድምፁ አንድ ነው፣ ልብሱ ይለዋወጣል። ከጥንታዊ ተረቶቻቸው በአንዱ፣ ከጨረቃ የመጣች ልጅ ወደ አገሯ ስትመለስ ለንጉሡ የማይሞቱበትን መድኃኒት ትታለት ትሄዳለች። እሱ ግን እሷ ከሌለች ዘላለም ምን ያደርግልኛል አለ። ለሰማይ በጣም በሚቀርበው ተራራ አናት ላይ ውሰዱና አቃጥሉት ብሎ ብዙ ጦረኛ ላከ። «የማይሞት» በጃፓንኛ «ፉሺ» ነው። ተረቱ በግልጽ የሚለው ብዙ ጦረኛ ስለወጣበት ፉጂ ተባለ ነው። ሰሚው ግን «የማይሞት» የሚለውንም ይሰማል። ሰምና ወርቅ ለምናውቅ ሰዎች ይሄ ማብራሪያ አያስፈልገውም።

ቃል ሰብሳቢ፦
ኧረ «ጋሽ ፉጂ» ቀረብኝ! ታዲያ አክብሮቱ የለም ማለት ነው?

ደገኛው፦
አለ እንጂ። የፈለግሽበት ቦታ አልነበረም። «ጎራይኮ» የሚባል ቃል አላቸው፤ ከተራራ ላይ ሆነው የሚያዩት የፀሐይ መውጣት ነው። «ጎ» የአክብሮት ቅጥያ ነው። «ራይ» መምጣት፣ «ኮ» ብርሃን። ለተራ የፀሐይ መውጣት ሌላ ቃል አላቸው። ተራራ ላይ ሲሆን ግን «ፀሐይ ወጣች» አይሉም። ብርሃን መጡ ነው የሚሉት። አንቱታው ያለው እዚያ ነው።

ተማሪ ሆኜ አንዴ ወጥቼዋለሁ። ማታ ከተራራው ጎን ካለች የእንጨት ጎጆ ገብተህ ትንሽ ትተኛለህ። በጨለማ ይቀሰቅሱሃል። መብራት ግንባርህ ላይ አስረህ ከፊትህ ያለውን ሰው ተረከዝ እያየህ ትወጣለህ። በሐምሌ ብርሃን የሚመጡት ከሌሊቱ 10 ሰዓት ተኩል አካባቢ ነው። ቁመቱ 3,776 ሜትር ስለሆነ በጋም ቢሆን ጥርስ ያንቀጫቅጣል። ደመናው ከእግርህ ሥር ነው። ጠርዙ መጀመሪያ ይቀላል፤ ያኔ ወሬው ሁሉ ጸጥ ይላል።

በትሬ እስካሁን ቤቴ አለ። «ኮንጎዙዌ» ይባላል፣ ስምንት ጎን ያለው ተራ እንጨት ነው። በየጎጆው ስትደርስ ባለቤቱ ከእሳት ውስጥ የጋለ ብረት ያወጣና እንጨቱ ላይ ይጫነዋል። ይጨሳል። የጎጆዋ ማኅተም ጥቁር ሆኖ ይቀራል። ዛሬም አፍንጫዬ ሥር ሳቀርበው ትንሽ የጭስ ሽታ አለው።

አንድ ሌላ ቃል ልጨምር። የድሮ ተሳላሚዎች ሲወጡ «ሮኮን ሾጆ» እያሉ ያዜሙ ነበር። ስድስቱ ሥሮች ይንጹ ማለት ነው፤ ዓይን፣ ጆሮ፣ አፍንጫ፣ ምላስ፣ አካልና ልብ። ዛሬ ጃፓን ውስጥ አንድ አዛውንት ወንበር ላይ ሲቀመጡ «ዶኮይሾ» ይላሉ፤ እኛ «እፎይ» በምንልበት ቦታ። ከዚያ ዜማ ተሸራርፎ የመጣ ነው ብለው የሚያስረዱ አሉ። እኔ ይሄን ማመን እወዳለሁ።

ቀለም፦
ደገኛው «ተሳላሚ» ያልከው ቃል ላይ ቆም እንበል። በጣም ትክክለኛ ምርጫ ነው። ጃፓንኛ ውስጥ ተራራ ለመውጣት ሁለት ቃል አለ። «ቶዛን» ተራ መውጣት ነው። «ቶሃይ» ግን መውጣትና መስገድ አንድ ላይ ነው። «ዮሃይ» የሚባልም አለ፣ ከሩቅ መስገድ። ተራራው እሳት በሚተፋበት ዘመን ማን ይጠጋዋል? ሰው ከሥር ሆኖ ነበር የሚሰግደው። መውጣቱ የመጣው እሳቱ ጋብ ካለ በኋላ ነው። ለመጨረሻ ጊዜ የፈነዳው እ.ኤ.አ. በ1707 ሲሆን አመዱ የዛሬዋ ቶኪዮ ድረስ ዘንቧል።

ለ«ዮሃይ» አማርኛ ፍለጋ መድከም የለብንም። ታክሲ ውስጥ ሆነን በቤተ ክርስቲያን ስናልፍ ምን እናደርጋለን? ከሩቅ እንሳለማለን። ቃሉ ይኸው ነው።

ደግሞ የራሳችንን «ደብር» እዩት። በግእዝ ተራራ ነው። በአማርኛ ግን ቤተ ክርስቲያኑ ራሱ ሆነ። ፉጂ ሥር ያማሚያ ሴንገን የሚባል ጥንታዊ መቅደስ አለ። ዋና ሕንፃ የለውም። ድንጋይ የተደረደረበት የመስገጃ ቦታ ብቻ ነው፣ ፊቱ ወደ ተራራው። መቅደሱ ተራራው ነዋ! ከስምንተኛው ማረፊያ በላይ ያለው መሬትም የሴንገን ዋናው መቅደስ ርስት ነው። ዩኔስኮ እ.ኤ.አ. በ2013 ሲመዘግበው በተፈጥሮ ሳይሆን በባህል ቅርስነት የመዘገበው ያለ ምክንያት አይደለም።

የምትከበረው አምላክ ሴት ናት፣ ኮኖሃናሳኩያ ትባላለች፤ ስሟ ውስጥ የሚያብብ አበባ አለ። ባሏ ሲጠራጠራት በሚነድ ጎጆ ውስጥ ሆና በሰላም ወለደች ይላል ታሪኩ። እሳት ያልበላት ስለሆነች እሳተ ገሞራውን እንድታበርድ ይለምኗታል። የሚያሳዝነው፣ ሴት አምላክ ባለበት ተራራ ሴት አናቱ ላይ እንዳትደርስ ለዘመናት ተከልክላ ነበር። ታካያማ ታትሱ የምትባል ሴት በ1832 የወንድ ልብስ ለብሳ ወጣች። ክልከላው በሕግ የተነሳው በ1872 ነው። ይሄ ሲነሳ ደብረ ዳሞ ትዝ የማይለው ኢትዮጵያዊ ያለ አይመስለኝም።

ቃል ሰብሳቢ፦
ወንድሜ «አንድ ፉጂ፣ ሁለት ጭልፊት፣ ሦስት ደበርጃን» የሚል አባባልም ነግሮኝ ነበር። ደበርጃን ከዚህ ሁሉ ጋር ምን አገናኘው?

ደገኛው፦
እሱ የሕልም ነው። በአዲስ ዓመት የመጀመሪያ ሕልም ማየት የሚመኟቸው ሦስት ነገሮች ናቸው፣ በቅደም ተከተል። ከሚሰጡት ማብራሪያዎች እኔ የምወደው ኅብረ ቃሉን ነው። ደበርጃን «ናሱ» ነው፤ «ማሳካት» የሚለው ግስም «ናሱ» ነው። ጭልፊት «ታካ» ነው፤ «ከፍታ»ም በዚያው ድምፅ ይጀምራል። ፉጂ ደግሞ «ቡጂ»ን ይመስላል፣ በሰላም ማለት ነው። ሰሙ አትክልት፣ ወርቁ መሳካት።

ሌላም አላቸው። ፉጂን አንዴም ያልወጣ ሞኝ ነው፣ ሁለቴ የወጣም ሞኝ ነው። አሸዋና ጠጠሩን ስወርድ ጉልበቴ ይሄን አባባል በደንብ ገብቶታል። ደግሞ ደመና አናቱ ላይ ባርኔጣ ሆኖ ሲቀመጥ ዝናብ መጣ ይላሉ። መውጣት የምታስቡ ካላችሁ ወቅቱ ከሐምሌ መጀመሪያ እስከ መስከረም መጀመሪያ በፈረንጅ አቆጣጠር ነው። ከ2025 ጀምሮ በሁሉም መንገዶች 4,000 የን ይከፈላል።

ቀለም፦
«ጎራይኮ»ን ግን በአማርኛ ምን እንበለው? «የብርሃን አመጣጥ» ቀዝቃዛ ነው። «ንጋት» ደግሞ በየቀኑ ያለ ነገር ነው። እኔ ደገኛው እንዳለው «ብርሃን ሲመጡ» ብዬ እተወዋለሁ። ሰዋስዉ ግር ይላል፣ ግን የቃሉን ወግ የያዘው እሱ ነው።

ቃል ሰብሳቢ፦
አሁን ወንድሜን ደውዬለት መጣሁ። ባቡሩ ከቶኪዮ ወደ ኪዮቶ ሲሄድ ተራራው በቀኝ በኩል ነው የሚታየው፤ እሱም ሆን ብሎ በዚያ በኩል ነው ወንበር የያዘው። «አየሁት ብለህ ጻፍክ እንጂ ተሳልመኸው ነው» አልኩት። ከሩቅ ስለመሳለም ያላችሁትን አነበብኩለት። ትንሽ ዝም አለና «ኮፍያዬን ማውለቄን ማን ነገረሽ?» አለኝ።