ፎልክስፌስት ላይ ለእናቴ የጾም ምግብ
የምንኖረው ጀርመን፣ ሽቱትጋርት ነው። እናቴ ከአዲስ አበባ መጥታለች፤ ልጆቹን ይዘን ካንሽታት ፎልክስፌስት፣ መጫወቻና የምግብ ድንኳን ወዳለበት ትልቁ የከተማው ፌስቲቫል፣ እንሄዳለን። መጫወቻው በቅናሽ የሚገኘው በቤተሰብ ቀን፣ ረቡዕ ነው። እሷ ደግሞ ረቡዕ አትገድፍም፤ ሐኪም ቢያዛት እንኳ!

ባለፈው ሳምንት ሞክረን ነበር። የድንች ቂጣው ዘይት ውስጥ ሲንጣጣ አይታ ምራቋን ዋጠች። ሻጩን ስጠይቀው ሊጡ እንቁላል አለበት። ብሬትዝሉ (ተጠምዝዞ የሚጋገረው ዳቦ) ቅቤ ተቀብቷል። የድንች ጥብሱ ከዶሮው ጋር በአንድ ዘይት ነው የሚጠበሰው። በስኳር የተቆላ አልመንድ ገዛሁላት፤ ለጥርሷ አልሆነም። ልጆቹማ ቋሊማቸውን በሰናፍጭ ጥርግ አድርገው በሉ።

ሽሮ በምሳ ዕቃ ልያዝልሽ ስላት «ለሽርሽር ወጥቼ!» ብላ ተቆጣች። እዚያ የምታውቁት፣ እንቁላልም ቅቤም የሌለበት ለስላሳና ትኩስ ምግብ የሚሸጠው የትኛው ድንኳን ነው?