በወር አንዴ ወይስ በየሳምንቱ? የሕፃናት እድገት ፕሮጀክት የዕቅድ ውይይት

ሰብሳቢ፦
የመጀመሪያው ረቂቅ ይኸው። በሰሜን ሸዋ ገጠር ቀበሌዎች ከ6 ወር እስከ 3 ዓመት የሆኑ 400 ሕፃናት፣ 10 ሠራተኞች፣ ለእያንዳንዱ ቤት በወር አንድ ጉብኝት፣ ለ2 ዓመት። እናትና አባት ከልጃቸው ጋር እንዲያወሩና እንዲጫወቱ ማለማመድ ነው ዓላማው። ለጋሽ ቁጥር ይወዳል ብለን ነው 400 ያልነው። እስከ ዓርብ አርሙት።

የሥልጠና ክፍል፦
ሰብሳቢያችን ይቅርታ ያድርጉልኝና፣ በወር አንዴ የሚለው መውጣት አለበት። ጃማይካ ውስጥ ተሞክሮ ውጤቱ በ1989 እ.ኤ.አ. ታትሟል። በወር አንዴ የተጎበኙት ልጆች ካልተጎበኙት አልተለዩም፤ በ15 ቀን አንዴ የተጎበኙት ጥቂት ተሻሉ፤ ጥሩ ለውጥ የታየው በየሳምንቱ በተጎበኙት ላይ ነው። ምክንያቱም ግልጽ ነው። እናትየው ዛሬ የተለማመደችውን በወሩ ትረሳዋለች፤ ሕፃኑም በወር ውስጥ ሌላ ልጅ ይሆናል፣ የተተወለት መጫወቻ አይመጥነውም።

ሁላችንም የምንጠቅሰው፣ በጃማይካ ዋና ከተማ በኪንግስተን በ1986–87 እ.ኤ.አ. የተጀመረው ሌላ ጥናት በየሳምንቱ አንድ ሰዓት፣ ለ2 ዓመት ነበር። የቀነጨሩ 129 ሕፃናት ነበሩ። ከ20 ዓመት በኋላ የተጎበኙት ገቢ ካልተጎበኙት በ25 በመቶ በልጦ ተገኘ። በዚያው ጥናት ያለ ጉብኝት ወተት ብቻ በተሰጣቸው ላይ ግን እንዲህ ያለ ዘላቂ ለውጥ አልታየም። ይህን ውጤት ጠቅሰን በወር አንዴ ብንጽፍ ጉዳዩን የሚያውቅ ገምጋሚ ወዲያው ይይዘናል።

ሒሳብ ክፍል፦
እንግዲህ ሒሳቡ ይኸው። 10 ሠራተኞች እያንዳንዳቸው በወር 40 ጉብኝት ቢያደርጉ 400 ጉብኝት ነው። በየሳምንቱ ከሆነ ያው ገንዘብ 100 ሕፃን ብቻ ይይዛል። ከ400 ወደ 100 መውረድ ለቦርድ ማስረዳት ይከብደኛል።

የሥልጠና ክፍል፦
መሐል መንገድ አለ። ሕንድ፣ ኦዲሻ ውስጥ ቤት ለቤትና በቡድን ተወዳድረው ሁለቱም የልጆቹን እድገት አሻሽለዋል። ወጪው ግን በዓመት ለአንድ ልጅ በቡድን 38፣ ቤት ለቤት 135 ዶላር ነበር። የኔ ሐሳብ፦ 6 ሠራተኞች በቡድን ይሥሩ፣ እያንዳንዷ በሳምንት 4 ቡድን፣ በቡድን 8 እናት፤ 192 ሕፃን ይሆናል። 4ቱ ቤት ለቤት ይሂዱ፣ በሳምንት 10 10 ቤት፤ 40 ሕፃን። ድምሩ 232። ቤት ለቤቱ ራቅ ብለው ለሚኖሩ፣ ለቀነጨሩና አካል ጉዳት ላለባቸው ይቀመጥ። ቡድኑ ግን በዕድሜ ይከፈል፤ የ7 ወሩ ከ2 ዓመቱ ጋር ከተቀላቀለ ትልቁ ሁሉንም ይነጥቃል፣ እናቶችም ገላጋይ ሆነው ይውላሉ።

የጤና ክፍል፦
በዚህ እስማማለሁ። አንድ መስመር ግን ይጨመር፦ ሥራው በጤና ኤክስቴንሽን ሠራተኞች ላይ አይጫን። በቀበሌ ሁለት ናቸው፣ ወደ 5,000 ለሚጠጋ ሕዝብ። ክትባት ዘመቻ በመጣ ቁጥር ጨዋታው ይቀራል። ከዚያው ቀበሌ ማንበብና መጻፍ የምትችል፣ ልጅ የምትወድ ሴት ትቀጠር። የጤና ኤክስቴንሽኗ ድርሻ የቀነጨረን ሕፃን ወደ እኛ መላክ፣ እኛም የታመመን ወደ እሷ መላክ ይሁን።

የጊዜ ሰሌዳውም ይታይ። በገበያ ቀን እናት ቤት አትገኝም። በ12፣ በ21፣ በ27 እርሻ ስለማይነካ ከቅዳሴ በኋላ ለቡድን ይመቻል፤ አባቶችም የሚገኙት ያኔ ነው። ሐምሌና ነሐሴ ወንዝ ሲሞላ ማቋረጥ ስለማይቀር ዓመቱን በ52 ሳምንት ሳይሆን በ42 አስቡት።

የሥልጠና ክፍል፦
42ቱን ተቀብያለሁ። የአንድ ክፍለ ጊዜ ቅደም ተከተል በረቂቁ ይግባ፣ ካልገባ ሁሉም ወደ ስብከት ይዞራል። ሰላምታ፤ «ባለፈው ሳምንት የወሰድሽውን እንዴት ተጫወታችሁበት?» የሚል ጥያቄ፤ አንድ መዝሙር ወይም እሹሩሩ፤ አዲሱን ጨዋታ ማሳየት፤ ከዚያ መጫወቻውን ለእናትየው መስጠትና ዝም ማለት። ትልቁ ጥፋት እዚህ ነው። ሠራተኛዋ ራሷ ከሕፃኑ ጋር ተጫውታ ትወጣለች፣ እናት ተመልካች ሆና ትቀራለች። ጥሩ ሠራተኛ ሕፃኑን የምትነካው ለማሳየት ያህል ነው፤ ከዚያ እናቲቱ ስትሞክር «አየሽ፣ ስታወሪው ፊትሽን ያያል» ትላታለች። በመጨረሻ አዲሱ መጫወቻ ይተዋል፣ ያለፈው ይሰበሰባል። ስለሚዘዋወር ለአንድ ቡድን ከእያንዳንዱ ዓይነት 9 ይበቃል፣ 8ና አንድ መጠባበቂያ።

ግዥ ክፍል፦
መጫወቻውን ከውጭ አናስመጣም። ባዶ ሃይላንድ ውስጥ ጠጠር፣ የጨርቅ ኳስ፣ ከካርቶን የተቆረጠ ሥዕል፣ ተስተካክሎ የተላገ እንጨት።

የጤና ክፍል፦
ሃይላንዱ ላይ አደጋ አለ። ክዳኑ በሙጫ ተጣብቆ በላዩ ፕላስተር ካልተጠመጠመ ሕፃኑ ይከፍተዋል። ባቄላና ሽምብራ አይግባበት፤ ጉሮሮ ላይ የሚቀር ነገር ነው። ከ4 ሴንቲ ሜትር ያነሰ ማንኛውም ቁራጭ ከ3 ዓመት በታች ላለ ልጅ አይሰጥ። እንጨቱ በብርጭቆ ወረቀት ይለስልስ፣ ቀለም አይቀባ፤ እርሳስ የሚባለው መርዛማ ብረት ያለበት ቀለም በማየት አይታወቅም፣ ልጅ ደግሞ ሁሉን ወደ አፉ ነው። አንድ ነገር ደግሞ ለእናቶች ደጋግሞ መነገር አለበት፦ መጫወቻው ቢሰበር ዕዳ የለበትም። አለበለዚያ ሣጥን ውስጥ ተቆልፎበት ይከርማል።

ሒሳብ ክፍል፦
ለ10 ሠራተኞች ስንት ተቆጣጣሪ?

የሥልጠና ክፍል፦
ሁለት፣ የትራንስፖርት በጀታቸው ለብቻው ተጽፎ። ብዙ ፕሮጀክት የሚወድቀው እዚህ ነው፤ በጀት ሲቀነስ መጀመሪያ የሚቆረጠው የተቆጣጣሪ ትራንስፖርት ነው፣ ከዚያ በኋላ ቢሮ የሚደርሰው የተፈረመ ወረቀት ብቻ ይሆናል። እያንዳንዷ ሠራተኛ በወር ሁለት ጊዜ በሥራ ላይ ትታይ። የመግቢያ ሥልጠናው 10 ቀን ይሁን፣ ግማሹ ከእውነተኛ እናትና ልጅ ጋር።

ሰብሳቢ፦
ረቂቁን እንዲህ አርሜዋለሁ፦ 232 ሕፃናት፣ ሳምንታዊ፣ 24 ቡድንና 40 ቤት፣ 10 ሠራተኞች፣ 2 ተቆጣጣሪዎች፣ በዓመት 42 ሳምንት። የቀረው መለኪያው ነው።

የጤና ክፍል፦
ቁመትና ክብደት እንደ ውጤት አይጻፍ፤ ጨዋታ ቁመት አይጨምርም፣ ባልጨመረ ጊዜ ፕሮጀክቱ ከሸፈ ይባላል። ከመጀመሪያው ክፍለ ጊዜ በፊት እናት የምትመልሰው የእድገት መጠይቅና ቤት ውስጥ ስንት ዓይነት መጫወቻ እንዳለ፣ ባለፉት ሦስት ቀናት ማን ከልጁ ጋር እንደተጫወተ የሚጠይቅ ቅጽ ይሞላ። ያንኑ በ12ኛውና በ24ኛው ወር እንድገመው። ጠያቂዋ የዚያው ቡድን ሠራተኛ አትሁን፤ እናቶች ለእሷ ደስ የሚላትን ነው የሚመልሱት።

ሒሳብ ክፍል፦
ለጠያቂዎች የ3 ዙር አበል ልጨምር ነው። የተቆጣጣሪዎቹን ትራንስፖርት ዋጋ ግን እስከ ሐሙስ ላኩልኝ።